ሰርቦ ላይ የተሰላው በረዶ

የዙቤይዳ ባል ሙሐመድሳኒ በድንገት የሞተው በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነበር። ሰርቦ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበረው። ገበሬው እሸት ቡናውን በፈረስና በአህያ ጭኖ ያመጣል፤ ጣቢያው ይፈለፍላል፣ ያጥባል፣ በሽቦ አልጋ ላይ ያደርቃል። ጅማ ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች ገና ከሐዘኑ ድንኳን ሳይወጡ፣ ጣቢያውን እንድትሸጥላቸው ጠየቋት። "ሴት ብቻዋን ማሽኑንም ገበሬውንም አትችለውም" አሉ።  ዙቤይዳ የባል ሐዘን ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን ጨርሳ ከቤት የወጣች ዕለት የጣቢያውን ኃላፊ ጅብሪልን አስጠርታ፣ "ለመጪው ጥቅምት ማሽኑን አዘጋጅ" አለችው። 

የባሏን ቢሮ ግን ቆልፋዋለች። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ደረቁና ጥሩው እሱ ነበር፤ ኮቱ ከነተሰቀለበት፣ ወንበሩ ወደ መስኮቱ እንደዞረ፣ ማንም አይግባበት አለች።

ዙቤይዳ የምትኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። ግቢዋ ውስጥ ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ፍሬሰላም የምትባል ወጣት ትኖር ነበር። ፍሬሰላም ከመንዝ የመጣች የክርስቲያን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ እያስተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ትሑት ልጅ ናት። ጠዋት ስትወጣ ሰላም ትላለች፣ ማታ ስትገባ ሰላም ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ በመካከላቸው አልነበረም።

ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። ግድቦቹ ውኃ አጥሯቸዋል ይባላል፤ ዛሬ ያገኘ ሰፈር ነገ ያጣል። አንድ ቀን ከሰዓት ዙቤይዳ ከገበያ ስትመለስ ፍሬሰላምን በረንዳው ላይ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ተቀምጣ አገኘቻት።

"ምነው ልጄ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?"

"ኧረ አዴ ዙቤይዳ፣ ሰውስ አልሞተም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ተሰረቀ?"

ፍሬሰላም ሳቋ መጣ፣ ግን እንባዋም አብሮ መጣ። "አልተሰረቀም። መብራት ሲሄድ ጠፋ። ስሌት እየሠራ ነበር፤ መሐል ላይ ካቋረጠ የሠራው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከሀ ይጀምራል። ይህ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።"

ዙቤይዳ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና አጠገቧ ተቀመጠች። ለምን እንደተቀመጠች በኋላም አላወቀችውም። ምናልባት ከባሏ ሞት ወዲህ፣ ስለ ሌላ ሰው ችግር ሰምታ ስለማታውቅ ይሆናል፤ ሁሉም የሚያወራት ስለ ራሷ ችግር ነበር።

"ምን ዓይነት ስሌት ነው እንደዚህ የሚያስለቅሰው?"

"እንዴት ልንገርዎ..." ፍሬሰላም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ አለ። ከውኃ ይወጣል፤ ሲቃጠል ደግሞ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ኃይል ሲተርፍ፣ በተረፈው ኃይል ከውኃ አውጥተን ብናስቀምጠው ለበጋ ይሆነን ነበር። ማስቀመጡ ነው ችግሩ። በጣም ቀላል ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ማስቀመጫው ከባድ ነው።"

"እሺ።"

"ውኃ ደግሞ ሃይድሮጅን ባለበት በኃይል ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ሌላ ዓይነት በረዶ ይሆናል። ውስጡ ክፍል ክፍል ነው። ትልልቅ ክፍሎች አሉ፣ ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ጋዙ በየክፍሉ ገብቶ ይቀመጣል። ሃይድሬት ይሉታል። ግፊቱን ላላ ካደረጉለት ወይም ትንሽ ካሞቁት፣ በረዶው ይፈርስና ጋዙ ይወጣል። የቀረው ንጹሕ ውኃ ነው።"

"እንደኔ ግቢ በይኛ" አለች ዙቤይዳ። "ተከራይ ይገባል፣ ተከራይ ይወጣል።"

"እንደሱ ነው፤ ወላሂ እንደሱ ነው!" አለች ፍሬሰላም። ሄርማታ ከገባች ወዲህ፣ እናት ለሚሆኗት ሴቶች አዴ እንደምትለው ሁሉ፣ ወላሂ ማለትም ለምዳለች።

"ታዲያ በረዶውን የት ነው የምትሠሪው? ማቀዝቀዣ እንኳ የለሽም።"

"እኔ አልሠራውም። የሚፈልገው ግፊት ከባሕር ሁሉ ጥልቅ የሚባለው ወለል ላይ ካለው ግፊት እጥፍ ያህላል፤ ያንን የሚችል ዕቃ እኛ ጋ የት ተገኝቶ! እኔ በኮምፒውተር ነው የማሰላው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ወዴት እንደምትሄድ፣ የትኛዋ እንደምትቀመጥ፣ የትኛዋ እንደምታመልጥ። ግፊቱን ዝቅ የሚያደርግ ረዳት ኬሚካል አለ፤ እሱ ግን ትልልቆቹን ክፍሎች ራሱ ይይዛቸዋል። ለሃይድሮጅኑ ትንንሾቹ ይቀሩታል። የኔ ጥያቄ ይህቺ ብቻ ናት፦ ትንሿ ክፍል ስንት ትችላለች? ሁለት ከቻለች ነገሩ ተስፋ አለው። አንድ ብቻ ከሆነች..." ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ለዚህች ጥያቄ ስንት ቀን መብራት ይበቃሻል?"

"ሳያቋርጥ? አንድ ወር ተኩል ገደማ።"

ዙቤይዳ ከንፈሯን መጠጠች። 

ጥቅምት ሲገባ ዙቤይዳ ወደ ሰርቦ ሄደች። የመጀመሪያው እሸት ቡና ገባ፣ ጀነሬተሩ ተነሣ፣ መፈልፈያው መጮህ ጀመረ። ያን ጩኸት ቆማ ስትሰማ ልቧ ሞላ። የፈራችው ዝምታውን ነበርና። በዚያው ቅጽበት ያቺ ልጅ ትዝ አለቻት፤ እዚህ ኃይል አየር ላይ እየፈሰሰ፣ እዚያ አንዲት ልጅ በረንዳ ላይ እጇን አናቷ ላይ ጭና።

ጅብሪልን ጠራችው። "አንድ ኮምፒውተር ከዚህ ጀነሬተር ላይ ብንሰካ ማሽኑን ይጎዳዋል?"

ጅብሪል አምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቁጥብ ሰው ነው። "ማሽኑ አይሰማውም፤ አምፖል እንደመጨመር ነው" አላት። "ግን እኛ ማታ እናጠፋለን።"

"እሷ ማታም ትፈልጋለች።"

ጅብሪል አገጩን እያሻሸ ቆየ። "የቆመው ኢሱዙ መኪናችን ሁለት ባትሪዎች ደህና ናቸው። ቀን እየሞላናቸው ማታ በነሱ ቢያድር ይችላል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይረውን ዕቃ ከጅማ ማምጣት ነው።" ከዚያ፣ "የት ልናስቀምጠው ነው ታዲያ? መጋዘኑ እርጥበት አለው" አለ።

የት እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል። ጅብሪል ግን ሊናገረው አልደፈረም። ዙቤይዳ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ሄዳ ከፈተችው። ክፍሉ ታፍኖ ከርሟል። መስኮቱን ከፈተች፣ ኮቱን ከግድግዳው አወረደችና እጥፍጥፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። "አጽዱት" አለች። 

ፍሬሰላም ወሬውን ስትሰማ ማመን አቃታት። ኮምፒውተሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሚኒባስ ሰርቦ ገባች። ጅብሪል ገመዱን ዘረጋላት። ስሌቱ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ፍሬሰላም ክፍል ስትጨርስ ብቅ ትላለች፤ ቅዳሜና እሑድን እዚያው ታሳልፋለች። ስክሪኑን አንዴ አይታ፣ "በደህና ነው" ብላ ታጠፋዋለች፤ ሥራው ግን ከውስጥ ይቀጥላል። የቀረውን ጊዜ ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር አልጋው ዳር ቆማ የተሰበረውን ስትለይ ትውላለች። የሴቶቹ ወሬ በኦሮምኛ ነው፤ እሷ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ትስቃለች። ዙቤይዳ ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ ለብቻ ታሠራላት ነበር። ጠዋት በቢሮው በር ስታልፍ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲያጉረመርም ትሰማለች። እዚያ ክፍል ውስጥ እንደገና የሚሠራ ነገር አለ። አልሐምዱሊላህ ትልና ታልፋለች።

ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ዓርብ አመሻሹ ላይ መፈልፈያው ቀበቶ በጠሰ። እስኪቀየር ድረስ መሸ፤ የዕለቱ ቡና ግማሹ ሳይፈለፈል ገንዳው አፍ ላይ ተከምሮ አደረ። "ጠዋት በጊዜ እናስነሣለን፣ ችግር የለም" አለ ጅብሪል። ጠዋት ግን ጀነሬተሩ አልነሣ አለ። ጅብሪል ቁልፉን ሲያዞረው አንድ ጊዜ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ማስነሻ ባትሪዎቹ ሞተዋል።

የቅዳሜ ገበያ ነው። በሩ ላይ ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ ገበሬዎቹ ጆንያ እያወረዱ ነው። የትናንቱ ክምር መሞቅ ጀምሯል። ዙቤይዳ እጇን ውስጡ ከተተችና ወዲያው አወጣችው። እሸት ቡና ከሞቀ ይኮመጥጣል፤ ከኮመጠጠ ደግሞ የትኛውም ገዢ ቀምሶ ይተፋዋል። ገበሬውም አንዴ ቡናው ከተመለሰበት ነገ ወደ ሌላ ጣቢያ ነው የሚዞረው። "ሴት ብቻዋን አትችልም" ያሉት ሰዎች ፊታቸው ድቅን አለባት።

"ጅማ ሰው ልላክ?" አለ ጅብሪል።

"ስንት ሰዓት ይመለሳል?"

"ቶሎ ካገኘ ከሰዓት በኋላ።"  "አዴ... ግቢያችን ውስጥ ሁለት ደህና ባትሪ አለ።"

ዙቤይዳ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። "እነሱን እንዳታስብ" አለችው። "የሰጠሁትን መልሼ አልነጥቅም። ያቺ ልጅ ስንት ጊዜ ተቋርጦባት አልቅሳለች። ሰው ላክ።"

ይህን ሲነጋገሩ ፍሬሰላም ከኋላቸው ነበረች። ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሁሉንም ሰምታለች። ጀሪካኗን ቁጭ አደረገችና ወደ ቢሮው ገባች። ዙቤይዳ ዞር ስትል ያየችው የጀርባዋን ነጠላ ብቻ ነው። "ፍሬ! ፍሬሰላም! ተይ ልጄ!" እያለች ተከተለቻት። ስትደርስ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ማራገቢያው ሲያጉረመርም ቆይቶ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

"ምን አደረግሽ?"

"አጠፋሁት።" የባትሪውን ሽቦ እየፈታች ነበር። "እሱ እንደገና ይጀመራል፤ ቡናው አይጀመርም። ኦቦ ጅብሪል! ይምጡና ያንሡልኝ፣ ከባድ ነው።"

 ጅብሪል አንዱን ባትሪ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ሌላውን ተሸክመው ሮጡ። ቁልፉ ዞረ። ጀነሬተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለተኛ አሳለ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። የተሰለፉት ገበሬዎች ጮኹ፤ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው መረቁ። ያን ቀን ሁሉም ሰው ገንዳው ላይ ነበር። ፍሬሰላም ቀሚሷን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ፣ ቦዩ ውስጥ ቆማ፣ ቡናውን በእንጨት መግፊያ ስትገፋ ዋለች። ክምሩ ሳይኮመጥጥ አለቀ።

አመሻሽ ላይ ዙቤይዳ ፎጣና ሙቅ ውኃ ይዛላት መጣች። ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ የቀረው አንድ የምስጋና ቃል ብቻ ሆነ።

"ገለቶሚ፣ ልጄ።"

"ኧረ አዴ፣ እኔ ነኝ እንጂ—"

"ዝም በይ" አለቻት ዙቤይዳ። "አሁን ስሚኝ። ስሌትሽን እንደ አዲስ ጀምሪው፤ ቡናው ቢያልቅም ጀነሬተሩ አይቆምም። የአንቺ ስሌት እስኪያልቅ ይሠራል።"

ቃሏን ጠበቀች። ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻው ቡና ከአልጋ ተነሣ፤ የቀን ሠራተኞቹ ተሸኙ፤ ወንዙ ዳር ዝም አለ። ጀነሬተሩ ግን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ይነሣል፣ ባትሪዎቹን ይሞላል፣ ይቆማል። ሰርቦ ላይ ጉድ ተባለ። "ዙቤይዳ ቡና ሳይኖራት ማሽን ታስነሣለች፤ ሐዘኑ ነክቷት ይሆን?" አሉ። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ "ማሎ፣ እባክሽ ምን እየሠራሽ ነው?" ብትላት፣ "በረዶ" አለቻት። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት እንዲወስዷት ለጅብሪል ነግራዋለች ይባላል። ጅብሪል ይህን ሲያወራ እስኪያስለው ይስቅ ነበር።

ጥር ላይ ስሌቱ አለቀ። ፍሬሰላም ውጤቱን ደጋግማ ስትመረምር ቆየች። ከዚያ አንድ እሑድ ሄርማታ፣ ዙቤይዳ ቤት ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች። ፊቷን ያየ ሰው መርዶ ይዛለች ይላል።

"ግቢ እንጂ። ምን ሆነሽ?"

"አንድ ናት" አለች ፍሬሰላም። "ትንሿ ክፍል አንድ ብቻ ናት የምትችለው። ሁለተኛዋን ባስገባኋት ቁጥር ታመልጣለች። ግፊቱን ብጨምርም፣ ብቀንስም። አዴ፣ ያ ሁሉ ናፍጣ... ያ ሁሉ ባትሪ... መልሱ አይሆንም ነው።"

ዙቤይዳ ትንሽ አሰበች። "ውሸት ነው?"

"አይ፤ እውነት ነው። በደንብ አረጋግጫለሁ።"

"ታዲያ እውነቱን ካገኘሽ ምን ያስለቅስሻል? እኔ እኮ መልሱ 'አዎ' ይሁን አላልኩሽም። መልሱን ይስጥሽ ነው ያልኩት፤ ሰጠሽ። አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ የተከፋ ፊቷን አይታ ሳቀች። "ደግሞ አንዷ ገብታ መቀመጧም ቀላል ነገር ነው? ያን ያህል ተጨምቆ! ነይ ግቢ፣ ምሳ ደርሷል።"

አማካሪዋ ዶክተር ወልደሰማያትም ከዚያ የራቀ ነገር አላሉም። ዶክተሩ ለሙገሳ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው፣ "ቦታውን ለመጨመር ሌላ ረዳት መፈለግ አለበት ማለት ነው" አሏት። "ከእንግዲህ በዚህኛው መንገድ የሚሄድ ሰው ድካሙ ይቀርለታል። ጻፊው።"

ሰኔ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ዙቤይዳ ጥቁር ሻሿን ተከናንባ፣ ጅብሪል ከሰርግ በቀር የማይለብሰውን ኮት ለብሶ ተቀምጠዋል። የሚባለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙው አልገባቸውም። ግድግዳው ላይ የበረዶው ክፍሎች ሥዕል ሲበራ ግን ዙቤይዳ ጅብሪልን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። "ያቻትና፤ ትንሿ ክፍል" አለችው በሹክሹክታ።

ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ መምህር ከጥያቄዎቻቸው በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። በአማርኛ፣ "አንድ ነገር ግን አልገባኝም" አሉ። "ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር ሁላችንም መብራት አልነበረንም። ይህን ያህል ረጅም ስሌት የት ነው የሠራሽው?"

  ፍሬሰላም እጇን ወደ ኋላ ረድፍ ዘረጋች። "እሳቸው ጋ" አለች። "ሰርቦ፣ ቡና ማጠቢያ። ወይዘሮ ዙቤይዳ የባለቤታቸውን ቢሮ ከፍተውልኝ ነው። ኦቦ ጅብሪል ደግሞ ባትሪ ሲሞሉልኝ ከርመው ነው።" 

ሰው ሁሉ ዞረ። ዙቤይዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሻሿን ወደ ፊት ሳበች። ዶክተር ወልደሰማያት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ እሳቸውን ያየው ሌላውም ተነሣ። ጅብሪል ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ እሱም ተነሣ። ዙቤይዳ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ባሏ ቢያይ ብላ አይደለም ያለቀሰችው፤ ያንንማ ዓመቱን ሙሉ አልቅሳዋለች። እሷው ራሷ፣ በራሷ እጅ የሠራችው አንድ መልካም ነገር ስለታየላት ነበር።

ሲወጡ ደጅ ላይ አንዲት ባለጥልፍ ቀሚስ እናት ቆመው ይጠብቃሉ። የፍሬሰላም እናት ወይዘሮ ተናኘ ናቸው፤ ከመንዝ ሁለት ቀን በመኪና ተጉዘው መጥተዋል። ዙቤይዳን ሲያዩ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ዙቤይዳ ብብታቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

"ኧረ በአላህ! ምን መሆንዎ ነው?"

"ልጄን በሰው አገር እናት ሆነውልኝ!" አሉ ተናኘ። "አገሬን ላሳይዎ አልችል፤ የሚበላ ነገር ላመጣልዎ አስቤ ሃይማኖቱ አሰጋኝ። ይችን ግን ራሴ ፈትዬ ያሠራኋት ናት።" ከጆንያ ውስጥ ያወጡት ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ባና ነበር። ዘርግተው ዙቤይዳ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት።

የጅማ ሰኔ ዝናቡን አዝንቦ ፀሐዩን ያወጣበት ሰዓት ነው፤ መሬቱ ይተናል። ባናው እንደ በር ይከብዳል። ዙቤይዳ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ሲል ይታያል። ጅብሪል፣ "አዴ፣ ልቀበልዎ?" ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ "ተወኝ" አለችው። ምሳ ሊበሉ ሄርማታ ሲገቡም፣ ማዕድ ከበው ሲጨዋወቱም፣ ተናኘ ስለ መንዝ ብርድ፣ እሷ ስለ ሰርቦ ቡና እያወሩ ሲሳሳቁም፣ ዙቤይዳ ባናውን ከትከሻዋ አላወረደችም።